ከጥድፊያ በቀር

ዛሬ ያንን ሰው ቀና ብዬ ላላየው ምዬ ነበር ከቤት የወጣሁት። ፀጉሬን ግን ሁለት ጊዜ አበጥሬያለሁ፤ እሱን አትጠይቁኝ።

ሰውየው የአለቃችን ልጅ ነው። አለቃችንን ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ልጃቸውን ደግሞ ቢሮው በሙሉ «ጨዋው» ነው የሚለው። ድምፁ ከፍ ብሎ አይሰማም፣ ሰው ሲያወራ አያቋርጥም፣ በር ሲዘጋ እንኳ በሩን እንዳያመው የሚሳሳለት ነው የሚመስለው። እኔ «ጥድፊያ» ነኝ። ስሙን ያወጣችልኝ ከጎኔ የምትቀመጠው ፈታኟ ናት። እኛ የጻፍነውን ፕሮግራም እየፈተነች ስህተታችንን ማጋለጥ ነው ሥራዋ፤ ለሰውም ያው ናት። ጥድፊያ መባሌን አልጠላሁትም። ሥራ ከእጄ ቶሎ ይወጣል፣ ይህን ደግሞ ማንም አይክደኝም።

የምንሠራው ለአውቶቡስ መናኸሪያዎች የትኬት መሸጫ ፕሮግራም ነው። የሁላችንም ኮድ በአንድ የጋራ ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል፤ እኛ «ሪፖ» እንለዋለን። እዚያ ውስጥ እያንዳንዳችን በቅጽል ስማችን የሚጠራ «ብራንች»፣ የየራሳችን ቅርንጫፍ፣ አለን፣ የሠራነውን ወደዚያ እንልካለን። ከዚያ ቢልድ ይሠራል፤ ማሽኑ ኮዱን ሰብስቦ፣ ፈትሾ፣ የሚሠራ ፕሮግራም አድርጎ ያወጣዋል ማለት ነው። ግድግዳው ላይ መብራት ተሰቅሏል። ሲገነባ ቢጫ፣ ሲሳካ አረንጓዴ፣ ሲበላሽ ቀይ ይበራል።

አንድ ጊዜ ያልተፈተሸ ቢልድ አምልጦ ወጣና አንዱን ወንበር ለሁለት ተሳፋሪ እየሸጠ ጋሼን በየመናኸሪያው አሰደባቸው። «ከእንግዲህ ከልጄ እጅ ውጭ ምንም ነገር አይገነባም!» አሉ። አሉ፣ ሆነ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሥራውን የጨረሰ ሰው ሁሉ ተነስቶ፣ ኮሪደሩን ጨርሶ፣ መስኮቱ አጠገብ ወዳለው የጨዋው ጠረጴዛ ሄዶ «ገንባልኝ» ይላል። እሱም ያየዋል፣ ይጫናል። በዚህ ዘመን! ማሽን በሰው እግር ሲነሳ!

ከሁሉ በላይ የምመላለሰው ታዲያ እኔ ነበርኩ። ጽፌ፣ ልኬ፣ ብድግ እላለሁ። እሱ ከስክሪኑ ቀና ሳይል «ምን ልገንባልሽ?» ይላል። እነግረዋለሁ፤ ያኔ ቀና ይላል። ጠረጴዛው ጎን ባዶ ወንበር አለች። «ተቀመጪ» ይለኛል። «ቸኩያለሁ» እለዋለሁ። ማሽኑ እስኪጨርስ ድረስ ግን ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አልልም። ፈታኟ ስመለስ ጠብቃ «አይ ችኮላ! ለእንዲህ ያለ ችኮላስ እኔም በታደልኩ» ትለኛለች።

እውነቱን ልናገር፣ ወድጄዋለሁ። መቼ እንደጀመረኝ አላውቅም። ስህተቴን ሲያሳየኝ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እሱ ይሆናል። ስክሪኑ ጠቆር ሲል ከኋላው የቆምኩትን እኔን መስታወቱ ላይ ሲያየኝ ደጋግሜ ይዤዋለሁ፤ እሱም ይሆናል። አፍ አውጥቶ ምንም አላለኝም። እኔ ግን ይወደኛል ብዬ ለራሴ ነግሬያት ነበር፣ እሷም አምናኛለች።

አንድ ነገር ብቻ ያስፈራኝ ነበር። አባቴ የዚሁ ሕንፃ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሕንፃው ደግሞ የጋሼ ነው። ጋሼ አባቴን ባገኙት ቁጥር ይጨብጡታል፣ ስለ ጤናው ይጠይቁታል፤ እኔንም ሲቀጥሩኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ እያወቁ ፈተናውን ስላለፍኩ ነው የቀጠሩኝ። ሐሜት አልወድም፣ ደግ ሰው ናቸው። ግን የሠራተኛን እጅ መጨበጥና ከሠራተኛ ቤት ምራት ማግኘት አንድ አይደለም። ይህን ለማወቅ እሳቸውን መጠየቅ አያስፈልገኝም።

በቅርቡ ጋሼ ጠሩኝና «እስከ መቼ እንዲህ? ማሽኑ ራሱ ይነሳ። አንቺ ሥሪው» አሉኝ። ደስታዬ! ሥራው ማንም ሰው ወደ ሪፖው ኮድ በላከ ቁጥር ቢልዱ በራሱ እንዲነሳ ትሪገር የሚባል ማስነሻ ማዘጋጀት ነው። የማን ብራንች ሲነካ ይነሳ፣ የትኛው ፋይል ሲለወጥ ይለፈው፣ ወደ ደንበኛ የሚወጣው በማን ፈቃድ ይሁን፣ እሱን እሱን መወሰን ነው። ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። በእኛ ቤት ሕግ ግን አንድ ሰው የጻፈውን ሌላ ሰው ሳያየውና ሳይፈቅደው ምንም አይገባም። የዚህኛው ፈቃጅ ጨዋው ሆነ።

መለሰው። ከሥሩ «ይህ መስመር ለምን አስፈለገ?» ብሎ ጽፎበታል። አስረዳሁት። እንደገና መለሰው፣ «ትንሽ ብንቆይስ?» ብሎ። መጀመሪያ ማስታወሻዎቹን እየደጋገምኩ አነባቸው ነበር፤ ከእሱ ከመጡ አይቀር ደስ ይላሉ። ቆይቶ ግን ደሜ ፈላ። ያልጠየቀኝ ነገር የለም፣ ማሽኑ መቼ መቼ ይረፍ ብሎ ሁሉ ጠይቆኛል። አሃ፣ አልኩ፣ የሊፍት ጠጋኝ ልጅ የሠራችው ላይ ስሙን ማኖር ከብዶታል! ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛው ጋ ስሄድ ማሽኑ እስኪጨርስ መቆም ተውኩ። እሱም «ተቀመጪ» ማለቱን ተወ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ትናንት በመጨረሻ ፈቀደ። «አንዲት ትንሽ ማስተካከያ ጨምሬበታለሁ፣ እሷን አንቺ አይተሽ ፍቀጂ» ብሎ ጻፈልኝ። ተናድጄ ስለነበር ሳላይ ፈቀድኩለት። ይህቺን ያዙልኝ።

*

ጠዋት ስገባ አባቴ የመሣሪያ ሳጥኑን ከፍቶ ሊፍቱ ደጃፍ ላይ ተንበርክኳል።

«አባባ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ?»

«በሩ ያመነታል። ግቢ እስቲ፣ አብሬሽ ወጥቼ ላዳምጠው።»

ገባሁ፣ በሩ ተዘጋ። አባቴ ወሬ ሲይዝ ጆሮውን ያካል። አሁንም ጆሮውን አከከ።

«ንገረኝ በቃ» አልኩት።

«የጋሼ ልጅ ሊሄድ ነው።»

«የት?»

«ሌላ ከተማ የሚከፈተውን ቢሮ ሊይዝ። ትናንት ጋሼ እዚሁ ሊፍት ውስጥ በስልክ ሲያወሩ ነው የሰማሁት። እኔን ደግሞ ማን ሰው አለ ይላል? ‹ማሽኑ ከነገ ጀምሮ በራሱ ይሠራል፣ የልጄ እጅ ይፈታል፣ በሳምንቱ ይሄዳል› ነው ያሉት።»

እጁን የሚፈታው የእኔ ትሪገር ነው። በገዛ እጄ ጽፌ፣ አስተካክዬ፣ ዛሬ ጠዋት ሰው ሰብስቤ ላስነሳው ነው።

«እሱ ያውቃል?» አልኩ።

«ሥራውን ላንቺ ከሰጡሽ ቀን ጀምሮ ያውቃል መሰለኝ፤ እንደዚያ ነው የገባኝ።»

ያውቃል፣ አልነገረኝም። ደህና ሁኚ ለመባል እንኳ አልበቃሁም ማለት ነው። አባቴ ፊቴን አየ። ሞኝ አይደለም፣ የኮሪደሩንም ምልልስ ፈታኟ ነግራው ይሆናል፤ እሷ የማትነግረው ሰው የለም።

«ልጄ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ሊፍቱን ላቁምልሽ? ትንሽ የምታለቅሺ ከሆነ ተበላሸ እላቸዋለሁ።»

ሳቄና እንባዬ አብረው መጡ። «አታቁመው አባባ። ሥራ አለብኝ።»

«ሥራው ያንቺ ነው እኮ። አልደረሰም ብትያቸው ማን ያውቅብሻል?»

አልዋሽም፣ አሰብኩት። አልደረሰም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። እሱ ይቀራል፣ እኔም መመላለሴን እቀጥላለሁ። ግን እኔ የጨረስኩትን ሥራ አልጨረስኩም ብዬ አላውቅም፣ ለወንድ ብዬ ደግሞ አልጀምርም። ማሽን አስተኝቼ የማስቀረው ሰው ምን ያደርግልኛል? መሄድ ከፈለገ ይሂድ። መቅረት ከፈለገ አፉን ይክፈት።

«ደርሷል አባባ» አልኩት። በሩ ሁለት ጊዜ አመንትቶ ተከፈተ። ፊቴን በመዳፌ ጠራርጌ ወጣሁ።

*

ቢሮው በሙሉ መብራቱ ሥር ተሰብስቧል። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መሀል ላይ ቆመዋል። ጨዋው ግድግዳውን ተደግፏል። አላየሁትም። እሺ፣ አንዴ አየሁት። እንቅልፍ ያጣ ፊት ነው ያለው። እሰይ፣ አልኩ በሆዴ። ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በላው።

«እንጀምር» አልኩ። ድምፄ አላሳፈረኝም። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቢሮ ማንም የማንንም ደጅ አይጠናም። ኮዱን ይልካል፣ ማሽኑ በራሱ ይነሳል።»

ፈታኟ ላከች። እጇን ከኪቦርዱ ሳታነሳ መብራቱ ቢጫ ሆነ፣ ትንሽ ቆይቶ አረንጓዴ። ተጨበጨበ። ከእሷ ቀጥሎ ሁለት ባልደረቦቻችን በተራ ላኩ፤ ለእነሱም ያው ሆነ። ጋሼ «ግሩም ነው!» አሉ። «እስቲ አሁን ደግሞ የሠራችው ራሷ።»

ላክሁ። መብራቱ ዝም አለ። ጠበቅን። እንደገና ላክሁ፣ አሁንም ዝም። አንዱ ከኋላ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ምነው?» አሉ ጋሼ።

ጆሮዬ ጋለ። የሰውን ሁሉ ሲያነሳ የእኔን ብቻ? የትሪገሩን ፋይል ትልቁ ስክሪን ላይ ከፈትኩት፣ ሁሉም እያየ። ለብቻዬ ማየት ነበረብኝ፤ ግን ስሜ ጥድፊያ ነው።

የማን ብራንች ሲነካ ይነሳ የሚለው ቦታ ላይ እኔ የጻፍኩት መስመር አለ፦ ሁሉም። ከሥሩ እኔ ያልጻፍኩት ሌላ መስመር አለ፦ ከጥድፊያ በቀር።

ሪፖ ምንም አይረሳም። መስመሩን ነካ ሲያደርጉት የጻፈው ሰው ስም ከጎኑ ይወጣል። ነካ አደረግኩት፣ የጨዋው ስም ወጣ። የትናንቷ ትንሽ ማስተካከያ ይቺ ነበረች።

ዞርኩበት። ላላየው የማልኩትን ሰው ዓይኑን አየሁት።

«ሁሉም ሲልክ ይነሳ፣ እኔ ስሆን ይቅር?» አልኩት። «የእኔ ሥራ ባንተ እጅ ካልተዳሰሰ አይታመንም? ስንት ቀን ያለምክንያት ስትመልስብኝ ዝም አልኩህ፤ ጭራሽ በሰው ፊት ታዋርደኝ? ለምን? አባቴ ሊፍት ስለሚጠግን ነው?»

«አይደለም» አለ።

«ታዲያ ምንድነው? ተናገር እንጂ! ማስታወሻ አትጻፍልኝ፣ ተናገር!»

ጨዋው አባቱን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ከግድግዳው ላይ ተነሳ።

«ሌላው ሰው ሁሉ ቢቀር ግድ የለኝም» አለ። ድምፁ መጀመሪያ አልወጣ አለው፣ እየቆየ ጠራ። «ማሽኑ ላንቺም በራሱ ከተነሳ ግን ወደ እኔ ጠረጴዛ በምን ምክንያት ትመጪያለሽ? ስመልስብሽ የከረምኩት ሥራሽን ንቄ አይደለም። ፈልጌ ፈልጌ እንከን አጣሁበት። ሲያልቅ እንደምሄድ ስለማውቅ እንዳያልቅ ነበር የፈለግኩት። ልነግርሽ በተነሳሁ ቁጥር አፌ ይያዛል፤ አንቺ ደግሞ ተቀይመሽኝ ቆመሽ እንኳ አትጠብቂም። ትናንት የምጠይቅሽ ነገር አለቀብኝ። ሌላው ይቅር፣ እሷ ብቻ ትምጣ ብዬ ጻፍኩት። እስክሄድ ድረስ እንኳ።»

«ወይኔ!» ብላ ፈታኟ አፏን ያዘች።

ያ ሁሉ «ለምን አስፈለገ?»፣ ያ ሁሉ «ብንቆይስ?»፣ ንቀት መስሎኝ ትራስ አቅፌ ያለቀስኩበት ሁሉ እኔን ለማቆየት ነበር። ደስ አለኝ፣ ተናደድኩም። ዘልዬ ልጠመጠምበትም፣ በጥፊ ልለውም ፈለግኩ።

«ይህን ያደረግከው» አሉ ጋሼ ቃላቸውን እየመጠኑ፣ «በእኔ ሥራ ላይ ነው?»

«አዎ አባዬ። ጥፋት ነው።»

«ጥፋት ነው» አልኩ እኔም። «የእኔም አለበት ጋሼ፣ ሳላነብ ፈቅጃለሁ። አሁን ይስተካከላል።»

ተቀምጬ መስመሩን አጠፋሁት። ብቻዬን አጥፍቼው ግን አይጠፋም፤ ሕግ ሕግ ነው፣ የዚህ ፋይል ፈቃጅ አሁንም እሱ ነው።

«ና ፍቀድ» አልኩት።

መጣ። በትከሻዬ በኩል ጎንበስ አለና ማውሱን ያዘ። እጁ ቆመ። ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ከፈቀድኩ እኮ...» አለ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«ፍቀድ። እስከዛሬ ያመላለሰኝ ቢልድ ነው ብለህ ከሆነ እኔን አታውቀኝም።»

አየኝ፣ እኔም አየሁት። ተጫነ። መብራቱ ቢጫ ሆነ፤ የእኔው ነው።

ማንም ወደ ቦታው አልተመለሰም። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መልካም። ማሽኑ ይሠራል። እንግዲህ አንተም በሳምንቱ ትሄዳለህ፤ የተነጋገርነው ነው።»

«አባዬ፣ እሷን ትቼ...»

«ቆይ!» አልኩ። በጋሼ ፊት እንዲህ መጮኼ ራሴንም አስደነገጠኝ፣ ግን አንዴ ወጥቷል። «በእኔ አታሳብብ! መሄድ ካልፈለግክ እንቢ በል፣ ስለራስህ ብለህ። እኔን ከወደድክ ደግሞ እሱን ለእኔ ንገረኝ። ሁለት ነገር ነው፣ አንዱን አንዱ ሥር አትደብቀው። ብትሄድ አልሞትም። አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ሥራዬን እሠራለሁ።»

ወደ አባቱ ዞረ። «አባዬ፣ አልሄድም» አለ። «ተጫን ስትለኝ ስጫን ነው የኖርኩት፤ ከፍቶኝም አንድ ቀን አልነገርኩህም። ቢሮ መምራት አልፈልግም። ኮድ መጻፍ ነው የምወደው፤ እዚህ፣ ከእነዚህ ሰዎች ጋር። እዚያ የሚፈልግ ሰው ላክ።» ድምፁ አሁን ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺን ደግሞ እወድሻለሁ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ነበር አሉ። እኔ አላየሁትም። ዓይኔን እንባ ሞልቶት ነበር፤ «እኔም» ማለቴን እንኳ ፈታኟ ናት በኋላ የነገረችኝ።

ጋሼ ልጃቸውን ብዙ አዩት፣ ከዚያ እኔን። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለግኩ። ቁጣ ነበረ፣ ግን ብቻውን አልነበረም።

«ይህን ያህል ድምፅ እንዳለህ አላውቅም ነበር» አሉት። ወደ እኔ ዘወር አሉ። «አባትሽ ታች ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«በሉ፣ ሥራችሁን ሥሩ» ብለው ወጡ። ታች ነው ያልኩት አባቴ ለካ በር እፈትሻለሁ ብሎ እዚያው ፎቅ ላይ ጆሮውን ሲያክ ቆይቷል። ጋሼ «አንተ ሰው፣ ይህቺ ልጅህ አፍ አላት!» ሲሉት ሰማን። «እናቷን ነው የወጣችው ጋሼ» አለ አባቴ። በሩ አመነታ፣ ተዘጋ። ሊፍቱ መውረድ ሲጀምር አንድ ሰው ሳቀ፣ ማን እንደሆነ አልለየሁም። ሆዴ ግን ቀለል አለው።

*

ከሰዓት ኮሪደሩ ባዶ ነበር። ሁሉም ይልካል፣ መብራቱ ይበራል፣ ከወንበሩ የሚነሳ ሰው የለም። የሠራሁት ሥራ በትክክል ይሠራል። ኮራሁበት።

ተነሳሁ።

«ኮድ ልከሻል?» አለች ፈታኟ፣ ከስክሪኗ ሳትነቀል።

«አልላክሁም።»

«ታዲያ ወዴት ነው?»

ኮሪደሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብዬ ሄድኩት፣ በእጄ ምንም ሳልይዝ። ጨዋው መስኮቱ አጠገብ አቀርቅሮ ይጽፋል። አሁን ማንም ሰው ጠረጴዛው ጋ የሚመጣበት ጉዳይ የለውም፤ እግሬን ሲሰማ ግን ከልማዱ ቀና ሳይል «ምን ልገንባልሽ?» አለ።

«ምንም» አልኩት።

እጁ ኪቦርዱ ላይ ቆመ። ቀና አለ። ባዶዋን ወንበር ሳብኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ዛሬ አልቸኮልኩም» አልኩት።